በሕዝብ ፊት የሰረዝኩት ስም

ድምፄ አንጋጫ ላይ ሲነሣ ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ የተኛ ሹፌር ይቀሰቅሳል ይባላል። ይህን የሚለው እርግጥ እኔ ራሴ ነኝ። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሰማንያ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ሥነ ዜጋ ያስተማረ ሰው ከድምፅ ሌላ ምን ሀብት ይኖረዋል? ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ይህ ድምፅ ሥራ ፈታ። ለዶሮዎቻችን ስለ ሕገ መንግሥት ማስረዳት ጀመርኩ። ባለቤቴ በሁለተኛው ሳምንት፣ "በሽታው ቢምረን እንኳ አንተ ትጨርሰናለህ፤ ሂድና ሰው ፈልግ" አለችኝ። ሰው መፈለግ ደግሞ የተከለከለበት ጊዜ ነበር።

በዚያ ክረምት ድንቹ እልህ የያዘው ይመስል ነበር። አንዱ ፍሬ የሕፃን ራስ ያክላል፤ እኔ ካወራሁት ደግሞ የጎልማሳ። ገዢ ግን የለም። ገበያው ተበተነ፤ ከሆሳዕናና ከሾኔ የሚመጡት የጭነት መኪኖች ቆሙ፤ ድንቹ በየደጁ እንደተከመረ በዝናብ መበስበስ ጀመረ። ሰውን ቤቱ ያስቀመጠው የመንግሥት ትእዛዝ ሳይሆን ሽታው ነው። አንድ ጎረቤታችን ለላሙ መስጠት ጀምሮ ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ላሟ ሰውዬውን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ስቀልድ ነው። ሳልቀልድ ስለዚያ ክረምት መጻፍ አልችልም። ነገር ግን የቀልዴን ዋጋ የከፈለችው የወንድሜ ሚስት ናት፤ የምጽፈውም ስለ እሷ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። አራት ልጆች፣ እናታችንን፣ ጥቂት እግር ለጋ እንሰትና ከቤቱ በታች እስከ ወንዙ የሚወርድ አንድ ማሳ ትቶላት ነው የሄደው። የደረሰውን እንሰት በሕመሙና በለቅሶው ጊዜ ፍቀን ጨርሰነው ነበር። እትዬ ነው የምላት። በዓመት ሁለት ጊዜ ድንች ትዘራለች፤ ከእያንዳንዱ ምርት ደህና ደህናውን ለዘር ትለይና ከጣሪያው ሥር ባለ ቆጥ ላይ ትደረድረዋለች። ያ ቤት የሚኖረው በዚያ ቆጥ ነበር። ሐምሌ ላይ፣ ያልተሸጠው ክምር በስብሶ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ቀን ጎራ ስል ድስት ተጥዷል። ቀና ብዬ ቆጡን አየሁ። ባዶ ነው።

"እትዬ፣ ዘሩስ?"

"እየቀቀልኩት ነው።"

"ቡቃያ ያወጣውን?"

"ቡቃያውን ነቅዬ ጣልኩት" አለች። "ልጆቹ ቡቃያ አይወዱም።"

እሷም መቀለድ ታውቃለች። ልዩነታችን፣ እሷ ስትቀልድ የሚጎዳ ሰው የለም።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ወሬ መጣ። በኮሮናው ምክንያት ምርታቸው ለተበላሸባቸው ገበሬዎች መንግሥት አንድ ጊዜ የሚከፈል ድጋፍ ይሰጣል ተባለ። ለዘርና ለማዳበሪያ ይበቃል። እትዬ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "መስከረም ሳይጠባ ይደርሳል?" ገንዘቡ በጊዜ ከደረሰ ማሳው ይዘራል። ካልደረሰ ያለው መንገድ ማሳውን ከተማ ላለ ነጋዴ በኮንትራት መስጠት ነው። ኮንትራት የገባ ማሳ ወደ ባለቤቱ ሲመለስ ያየ ሰው በእኛ ሰፈር ብዙ የለም። ሁለት ዓመቱ አራት ይሆናል፣ አራቱ ስምንት፤ ልጆቹም አድገው የራሳቸውን አፈር ለሌላ ሰው ሲኮተኩቱ ይገኛሉ።

ከዚያ በፊት ለቀበሌያችን የእርዳታ ዘይት መጥቶ ነበር። ዘይቱ ከወረዳ ተነሥቶ እኛ ጋ ሲደርስ ደከመውና የሊቀመንበሩ ዘመዶች ቤት ዐረፈ፤ ከዚያም አልተነሣም። ስለዚህ የአሁኑ ድጋፍ ሲሰማ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ የተመዘገበው ሰው ሁሉ ስሙ በአደባባይ ይነበብ፤ ያለው ይታይ፣ የሌለው ይውጣ አለ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። "ግልጽነትና ተጠያቂነት" እያልኩ ሃያ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩት ነገር በእግሩ ቆሞ ሲሄድ አየሁት። ተነሥቼ ንግግር አደረግሁ። ዘመድ ስለ ዘመድ አይናገር፣ አይመስክር፣ አያማልድ፤ እያንዳንዱ ስለ ራሱ በራሱ አፍ ይናገር አልኩ። የጭብጨባው ነገር አይወራም፤ ኮርማዎች በረት ሰብረው ወጡ። ሊቀመንበሩ ፊቱ እየጠቆረ ቃለ ጉባዔ ላይ አስገባው። ስም አንባቢም እኔው ሆንኩ።

የንባቡ ቀን ቅዳሜ ነበር። የቀበሌው ግቢ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ተሰቅሏል፤ ውሃ ባይኖረውም የሚገባው ሁሉ ለሥርዓቱ እጁን ከሥሩ ያሳልፋል። ማስክ ግዴታ ስለነበረ ዘበኛው አንድ ማስክ ይዞ ቆሟል፤ የገባው ሰው አጥልቆት ይገባና በአጥሩ በኩል ለሚቀጥለው ያቀብለዋል። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በባሕር ዛፎቹ በኩል ተቀመጡ። ከወረዳ የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ከጎኔ ጠረጴዛ ያዘ።

ስም እጠራለሁ፤ ባለስሙ "አለሁ" ይላል፤ ጎረቤቱ "አዎ፣ ድንች ነበረው" ይላል፤ ያልፋል። ባለቤት ያጣ ስም ሲገኝ ቀዩ መስመር ይሰመርበታል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ሻሸመኔ የሚኖር አንድ፣ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የከፈተ አንድ፣ እኛው ራሳችን የቀበርነው አንድ ተገኘ። ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔም ሞቀኝ። ለደቡብ አፍሪካው፣ "ድንቹን እዚያ በረዶ መትቶበት ይሆናል፤ በራንድ ይከፈለው እንዴ?" አልኩ። ለሟቹ ደግሞ፣ "ከሁላችንም ይልቅ ለአፈሩ የቀረበው እሱ ነው፤ ዘሩን እዚያው ድረስ እንላክለት" አልኩ። አንዲት ሴትዮ ሳቅ ጥሏት ከተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ወደቀች። ከዚያ በኋላ የማነበው ለስሞቹ መሆኑ ቀርቶ ለሳቁ ሆነ።

ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ አንድ ስም መጣ። የራሱ ስም በየአጥሩ ሥር አንድ አንድ ያለው የተለመደ ስም ነው። ወንድሜም ስሙ ያው ነበር፤ ግን በዚያ ስም የሚጠሩ አምስት ሰዎች እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ወንድሜ ደግሞ ሞቷል፤ በልቤም አልመጣም። የአባቱ ስም ግን በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ነው። የከምባታ አይደለም፣ የሐዲያም አይደለም፣ የመጽሐፍ ቅዱስም አይደለም። ደግሜ ጠራሁ። መልስ የለም።

"አንደኛ" አልኩ፣ ሐራጅ እንደሚል ሰው። "ሁለተኛ። ይህን ሰውዬ የሚያውቅ ይናገር። ከጨረቃ ነው የወረደው?"

በሴቶቹ በኩል አንድ ሰው ብድግ አለ። እትዬ ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

"እትዬ" አልኳት፣ ሁሉም እንዲሰማኝ አድርጌ፣ "ሰውዬውን ታውቂዋለሽ?"

"አለ" አለች።

"የት ነው ያለው?"

መሬት መሬት አየች። ቀስ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። አጠገቧ የነበሩት በኋላ እንደነገሩኝ፣ ያለችው "የኛ ነው" ነው። እኔ የሰማሁት ግን ከኋላዬ የመጣ የአንድ ጎረምሳ ድምፅ ነው፤ "ከመሬት ሥር ነው እያለችህ ነው መምህር፣ ድንች ሆኗል።" ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ እንዲያውም ከሁሉም ጮክ ብዬ። "ሦስተኛ" አልኩና ለባለሙያው በእጄ ምልክት ሰጠሁት። አሰመረበት። እትዬ ተቀመጠች። በተሰረዘ ስም ጎን አንባቢው ይፈርማል የሚል ደንብ ነበር፤ እሱንም ያወጣሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ፈረምኩ።

ከሰዓት በኋላ ድሌን ላወራላት እናቴ ጋ ሄድኩ። ደጅ ተቀምጣ የእንሰት ቅጠል እየጠረገች ነበር። ከላይ ከታች እየጨመርኩ ነገርኳት፤ የወደቀችውን አንዲት ሴትዮ ሦስት አደረግኋቸው። እናቴ አልሳቀችም።

"ያን የመጨረሻውን ስም እስቲ ድገመው" አለችኝ።

ደገምኩት።

"አባትህ ነው" አለች።

"አባቴ ምን?"

"እሷ አባትህን የምትጠራበት ስም ነው። ሙሽራ ሆና ከገባች ጀምሮ። ከእኛ ከሴቶቹ በቀር የሚሰማው የለም።"

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ባሊሻ ይባላል። ስሙን ብቻ መተው ቢሆን ቀላል ነበር፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምሩትን ቃላት ሁሉ ትታ በምትካቸው ሌላ ትናገራለች። የአባቴ ስም የሚጀምርበት ድምፅ ደግሞ ሰው ያለ እሱ ገበያ ሄዶ ጨው ገዝቶ መመለስ የማይችልበት ድምፅ ነው። እትዬ ለእሱ ክብር ብላ የቋንቋችንን ግማሽ ትታ በቀረው ግማሽ አራት ልጅ አሳድጋለች። የዘመኑ ልጆች ትተውታል። የኔ ባለቤት ሆሳዕና የጉራጌ ሱቅ ውስጥ ያደገች ናት፤ የአባቴን ስም በልጆቻችን ፎርም ላይ በእጇ ሞልታዋለች፤ ሰማይም አልተደፋም። እትዬ ግን አባቴ ከሞተ በኋላም አንድ ቀን እንኳ አላጎደለችም።

የድጋፉ መዝጋቢ ቤት ለቤት ሲዞር በዝናብ እየሮጠ መጥቶ፣ "የመሬቱ ደብተር በማን ስም ነው?" ብሏታል። ደብተሩ በወንድሜ ስም ነው፤ ከወንድሜ ስም ቀጥሎ የአባታችን ስም አለ። የወንድሜን በግድ አወጣችው። የአባታችን ላይ ስትደርስ እሷ የምታውቀውን ስሙን ሰጠችው። መዋሸት አልመሰላትም፤ አልዋሸችምም። መዝጋቢው ጻፈና፣ ደብተሩን አምጪ ሳይላት ወደሚቀጥለው ቤት ሮጠ።

"ታዲያ ምነው ቀድማ ብትነግረኝ፣ እማ? አንቺስ ብትነግሪኝ?"

"አንተ መቼ ትጠይቃለህ" አለች እናቴ። "ታወራለህ እንጂ።"

ሊቀመንበሩ ቤት የደረስኩት እየሮጥኩ ነው። ቁጭ ብሎ በቆሎ ይበላል። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ በቆሎውንም አላቋረጠም።

"ዘመድህ ናት?" አለኝ።

"የወንድሜ ሚስት ናት። ታውቃታለህ እኮ።"

"ታዲያ እንዴት ስለ እሷ ትናገራለህ? ቃለ ጉባዔው አለ፤ ላምጣልህ?"

"ነውሩን አንተም ታውቀዋለህ። የአንተም ሚስት እቤትህ ውስጥ ባሊሻ ነው የምትናገረው።"

"አውቃለሁ" አለ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ አዘነ። "ፎርሙ ላይ ግን ለባሊሻ የሚሆን ሳጥን የለም፣ መምህር። ሐሙስ ቅሬታ ሰሚው ይቀመጣል። ትምጣና በራሷ አፍ ትናገር።"

እስከ ሐሙስ ድረስ ደጇን ስመላለስበት ከረምኩ። የአጥቢያችን ወንጌላዊም መጥቶ ከእንዲህ ያለው ልማድ ጌታ ነፃ እንዳወጣት ከመጽሐፉ እየጠቀሰ ነገራት። በአክብሮት አዳመጠችውና፣ "ጌታስ ፈቅዷል፤ ምላሴ ነው ያልፈቀደው" አለችው። ለኔ ያለችኝ "እሞክራለሁ" ብቻ ነው። ልጆቹ ያን ሳምንት ጎመን ነበር የሚበሉት፤ ጎመኑም እያለቀ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ቅሬታ ሰሚው እዚያው ግቢ፣ እዚያው ሕዝብ ፊት ተቀመጠ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጸሐፊውና የወረዳው ወጣት ባለሙያ። እትዬ የመሬት ደብተሩን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ነበረች።

"ደብተሩ ላይ ያለው የአባት ስምና እርስዎ ያስመዘገቡት አይገጥምም" አለ ባለሙያው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ፎርሙን ይፈራል። "ሰው የሌላውን ደብተር ይዞ እየመጣ ስላስቸገረን ነው። የባለቤትዎን አባት ስም ይንገሩንና እናመሳክር።"

"የልጆቼ አያት ነው" አለች።

"ስሙን።"

"ከወንዙ ማዶ ያለውን ምንጭ ያሳጠረው ሰውዬ። እነሱ ሁሉ ያውቁታል።"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው የአባቴ ሚዜ ነበር።

"እነሱ ቢያውቁትም እኔ የምጽፈው ስም ነው እናቴ።"

ደብተሩን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። አልቻልኩም፤ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ የአባቴን ስም ሹፌር በሚቀሰቅሰው ድምፄ ጮኽኩት።

"መምህር" አለ ሊቀመንበሩ፣ "ዘመድ ስለ ዘመድ አይናገርም።"

ሰዎች ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ቅዳሜ ዕለት እኔው ያስለመድኳቸውን ሳቅ ነው የሳቁት። ተቀመጥኩ።

ያኔ እናቴ ከሴቶቹ መሃል ቆመች። "በይው ልጄ" አለቻት። "እኔ ፈቅጄልሻለሁ። እሱም ቢኖር ለልጆቹ ሲል ይፈቅድልሽ ነበር።"

እትዬ አፏን ከፈተች፤ ዘጋች። ከዚያ አለችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ድምፅ አልሰማሁም።

"አልተሰማም" አለ ጸሐፊው። "ይደገም።"

ደገመችው። በዚህኛው ጊዜ ጮክ ብላ ነው፤ የአባቴ ስም ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ተሰማ። በባሕር ዛፎቹ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ፈቃዱን የሰጠችው እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ለሁሉ ነገር ማጋነኛ አላጣም፤ ለዚያች ደቂቃ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁላትም። እንዳለች እተዋታለሁ።

ባለሙያው ደብተሩን አየ። "ይገጥማል" አለ፤ ጻፈ፤ ማኅተም መታ። "ወደ ላይ ይላካል።"

ወረቀቱ በራሱ እግር እስኪሄድ አልጠበቅሁም፤ ዓርብ ማለዳ ይዤው ሆሳዕና ገባሁ። ሚኒባሱ በግማሽ ነበር የሚጭነው፤ ታሪፉ እጥፍ ነው። አጠገቤ ባለው ባዶ ወንበር ላይ የተሳፈረው ኮሮና ነው፤ የእሱን ግን የከፈልኩለት እኔ ነኝ። ክፍያውን የሚልከው ቢሮ መስኮት ላይ ትሑት የሆነች ሴት አገኘሁ። ወረቀቱን ተቀበለችኝ፤ አነበበች፤ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች።

"የእናንተ ዝርዝር ሰኞ ዕለት ገብቶ ተቆልፏል" አለችኝ።

"ሰኞ? ቅሬታው የተሰማው ትናንት ነው።"

"ቅሬታው ለሚቀጥለው ዙር ይያዛል።"

"የሚቀጥለው መቼ ነው?"

"ካለ ይነገራል።"

ለመንኳት። የመዝሪያውን ጊዜ፣ የቆጡን፣ የድስቱን ነገር ነገርኳት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ሳልጨምር። አዳመጠችኝ። "በእኛ በኩል የተደበቀ ነገር የለም፣ መምህር" አለችኝ። "ሁሉም ግልጽ ነው፤ ከውጪ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ሄደው ማየት ይችላሉ።"

ሄጄ አየሁ። እውነቷን ነው። ዝርዝራችን ከነስረዛው፣ ላስቲክ ለብሶ ተለጥፏል። ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ያ መስመር አለ፤ ከጎኑ ፊርማዬ አለ። ፊርማዬ ትልቅ ነው፤ ጅራቱ ሁለት ስም አልፎ ይሄዳል። አጠገቤ አንድ አዛውንት ገበሬ ቆመው በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ።

"ይኼኛው ምን ሆኖ ነው የተሰረዘው?" አሉኝ።

"የሌለ ሰው ነው ተብሎ ነው፣ አባባ።"

"ጎሽ" አሉ። "እንዲህ ነው እንጂ።"

ደመወዝህስ የት ሄዶ ነው የሚለኝ ይኖራል። ለቆርቆሮ የተበደርኩት እየተቆረጠ በሚደርሰኝ ላይ ከባለቤቴ ወንድም ተበድሬ ቅዳሜ ዘር ፍለጋ ወጣሁ። አንጋጫ የለም፤ ሺንሺቾ የለም። ለካ ቆጡን የቀቀለችው እትዬ ብቻ አልነበረችም። እሑድ ምሽት ላይ ግማሽ ጆንያ አገኘሁ፤ ሰኞ ጠዋት ተሸክሜው ደጇ ደረስኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማሳውን ለነጋዴው ፈርማለች፤ ለሁለት ዓመት። ከተቀበለችው ላይ ዱቄት ተገዝቶ ነበር፤ ትንሿ ልጅ ቂጣ በእጇ እንደያዘች እንቅልፍ ጥሏታል።

ጆንያውን ከትከሻዬ አወረድኩ። "እትዬ፣ አንድ ቀን ብትጠብቂኝ ምን ነበር?"

"ልጆቹ ናቸው ያልጠበቁህ" አለች። ከዚያ ጆንያውን ፈታ አየችው። "ደህና ድንች ነው። እቀቅለዋለሁ።"

አልተቆጣችኝም። አንድ ቀን ትቆጣኝ ይሆናል ብዬ የምላትን ነገር ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ዕድሉን አልሰጠችኝም።

ረቡዕ ጠዋት የነጋዴው በሬዎች ገቡ። አራሹ ከሺንሺቾ በኩል የተቀጠረ እንግዳ ሰው ነው፤ መሬቱን አያውቀውም። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ አያለሁ፤ መሄጃ አላገኘሁም። አራሹ ሞፈሩን አስተካክሎ በሬዎቹን ሊነዳ ሲል እትዬ ከቤት ወጣች። ትከለክለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ከበሬዎቹ ፊት ሄዳ ቆመችና እግሯን መሬቱ ላይ አሳረፈች።

"እዚህ ጋ ከሥር ትልቅ ድንጋይ አለ" አለችው። "ማረሻህን ይሰብርብሃል። በግራ በኩል እለፍ።"

"ሌላም አለ እንዴ?" አላት አራሹ።

"ብዙ አለ" አለች። "ና፣ ላሳይህ።"

ከፊት ከፊቱ እየሄደች፣ በየድንጋዩ ላይ እየቆመች፣ እስከ ወንዙ ድረስ መራችው።